ጭምቴ ሲባል «አቤት» ያለችው

አዳማ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ልዩ፤ ናኒንግ፣ ቻይና።

እንደምን ከርመሻል? ወረቀቱ ስለማይበቃኝ የሰላምታውን ግማሽ ሽኩር በአፉ ይንገርሽ። ጥምቀትን እንዴት አሳለፍሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ እዚያ ጥምቀት የለም ብሎኛል። እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። «ጉልበቷን ያማታል ብለሽ እንዳትጽፊ» ብላኛለች፤ እኔ ግን ጻፍኩት።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ለምን ላልሽኝ፣ ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። አንቺ ስትደውዪ እማዬ ድምፁን ከፍ አድርጋ ትይዘዋለች፣ አስተናጋጃችን ሃኒ ትሪዋን ይዛ ከጎኗ ትቆማለች፣ ጭማቂ ቤታችን የገባው ሰው ሁሉ ጆሮውን ይጥላል። እኔ ምን እላለሁ? «ደህና ነኝ» እላለሁ። ከዚያ ስልኩ ይዘጋና ያልተናገርኩት ሁሉ ይመጣብኛል። ሽኩርና አጋሩ አብዱልጀባር እየተፈራረቁ ለንግድ ዕቃ ቻይና፣ ጓንዡ መመላለሳቸው ለእኔ በጀኝ። ለሰው የማልናገረውን ለእነሱ ሻንጣ እሰጣለሁ።

ማሽኑ ተሠራ ወይ ላልሽኝ፣ ትልቁ ተሠርቷል። ትንሹ ግን አሁንም ፓፓያ ሲገባበት ያጓራል። ትምህርት ጀመርሽ ወይ ላልሽኝ፣ ስምንተኛ ላይ እንደቆምኩ ነኝ። አስተማሪው ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት አቅቶኝ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ «ቀሪ» እየተባልኩ እንደነበር ለአንቺ ብቻ ነው የነገርኩት። አሁን ማን ፊት ሄጄ ልጠራ?

ከመስኮቷ ጀርባ ወጣሽ ወይ ላልሽኝ ደግሞ፣ አልወጣሁም። ጓዳ ሆኜ እልጣለሁ፣ እፈጫለሁ፣ ስፕሪሱን ብርጭቆ ውስጥ እደራርባለሁ፣ በመስኮቷ አሾልኬ ለሃኒ አቀብላታለሁ። ደንበኞቹ የሚያውቁት እጄን ብቻ ነው። ባለፈው አንድ የባጃጅ ሹፌር ሃኒን «እዚያ ውስጥ ያለው እጅ የማን ነው?» ቢላት «የመንግሥት ነው» አለችው።

የአቮካዶ ፍሬዎቹን አልጣልኳቸውም። ኮሌጅ ስታስተምሪ የነገውን ትምህርት እኔ ላይ የምትለማመጅበት ጊዜ ትዝ ይልሻል? ፍሬዎቹን ጠረጴዛው ላይ በረድፍ ደርድረን፣ እነሱም ተማሪ እኔም ተማሪ። መጨረሻ ረድፍ ያለውን ሁልጊዜ «አንተ፣ ተኝተሃል!» ብለሽ በእንግሊዝኛ ትቆጪው ነበር። አሮጌዎቹ ሲሰነጠቁ በአዲስ እተካቸዋለሁ። መጨረሻ ረድፍ ላይ ግን ሁልጊዜ የተጣመመ ነው የማስቀምጠው፤ የተኛ እንዲመስል።

የክፍልሽን መጋረጃ አጥቤ ሰቅዬዋለሁ። ወንድሜ ጋዲሳ ያሠራልሽን መደርደሪያም ወልውዬዋለሁ። እሱ የሞተ ጊዜ፣ ዘመዶችሽ ከሻሸመኔ ሊወስዱሽ ሲመጡ «ቤቴ እዚህ ነው» ብለሽ እንደመለስሻቸው አልረሳም። ቻይና ስትሄጂም «ማስተርሴን ጨርሼ በሰኔ እመጣለሁ» ብለሽኛል። ሰኔ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

የአንቺው ጭምቴ

---

ናኒንግ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔ ጭምቴ፤

ዘገየሁ፤ ይቅር በይኝ። እንዴት ናችሁ? የእማማ ጉልበት እንዴት ሆነ? የላክሁላትን ቅባት ትቀባለች ወይስ ለጎረቤት አከፋፈለችው? ሃኒን ሳሚልኝ። ያንን የሚያጓራ ማሽንም ሳሚልኝ። ለሁሉም ሰላምታዬን እየደረደርኩ ወደ ዋናው ነገር ላለመድረስ እየሞከርኩ እንደሆነ ገብቶሻል መሰለኝ።

መጋረጃውን አጥበሽ መስቀልሽን ያነበብኩት አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው። መውረጃዬን አለፍኩ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለእማማ ለጊዜው አትንገሪያት። እዚህ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንግሊዝኛ ማስተማር። አዳማ ያለው ኮሌጅ ቦታዬን ለሌላ ሰው እንደሰጠው ጽፎልኛል፤ ይህንንም አልነገርኳችሁም ነበር። እዚህ ከተገኘ ግን ደህና ደሞዝ አለው፣ ቤት ይሰጣሉ፣ ውሉም ለአንድ ዓመት ነው። «ከተገኘ» ነው እያልኩሽ ያለሁት።

አገኘሽ ወይ ብለሽ ከመጠየቅሽ በፊት ልንገርሽ፤ አላገኘሁም። ማስታወቂያው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። መምህር እንፈልጋለን፣ ትኬት እንሰጣለን ይልና ከታች «እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው የሆነ» ብሎ የአገሮቹን ስም ይዘረዝራል። እኛ የለንበትም። አንድ ሥራ አገናኝ በስልክ አነጋግሮኝ «እንዴት ያለ ጥሩ ድምፅ ነው! በይ ፎቶሽን ላኪ» አለኝ። ላክሁለት። እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። ሌላው ደግሞ «ጃማይካዊት ነኝ ብትዪ ማን ያውቅብሻል?» አለኝ። ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ሻሸመኔ ሳድግ እንግሊዝኛዬን ያቀኑልኝ ጎረቤታችን ሽማግሌው ጃማይካዊ ይህን ቢሰሙ በከዘራቸው ነበር የሚያቀኑኝ። «ኢትዮጵያዊት ነኝ» አልኩት። እሱም ስልኩን ዘጋ።

አሁን የቀረኝ እዚሁ የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ማመልከቻዬን በቻይንኛ የምትጽፍልኝ አንዲት ተማሪ አለች። ስለ እሷ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ክፍሌን ግን አታከራዩት። አደራ።

ልዩ

---

አዳማ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ልዩ፤ ሰላም ነሽ? እኛ ደህና ነን።

ስለዚያች ተማሪ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ ብለሽኝ ነበር። አትድከሚ። ሽኩር ነግሮናል።

ለፋሲካ እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጣና ገና ከበሩ «ዘውዴ! ምራትሽ ቻይና ውስጥ ልጅ ወልዳለች!» አለ።

እማዬ እጇ ላይ የነበረውን ዝርዝር ሁሉ በተነችው። «ምን አልክ አንተ?»

«ወላሂ! ፖስታውን ልትቀበለኝ ጓንዡ ድረስ መጣች። አንዲት ቀጭን ቻይናዊት አስከትላለች። ሻንጣዬን ስጎትት ልዩ ዞር ብላ ‹ጭምቴ!› ብላ ተጣራች። እኔ የእናንተዋ ኤቢሴ መጣች እንዴ ብዬ ስዞር፣ ያቺ ቻይናዊት ‹አቤት!› አትልም መሰላችሁ? ባማርኛ! ከእናንተዋ ትሻላለች እኮ፤ ያቺስ ሲጠሯት ትመልሳለች!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሃኒ ሳቀች። እማዬ ሳቀች። የማላውቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ከመስኮቷ ጀርባ ማንጎ እየላጥኩ ነበር። ማንጎውን ልጬ ጨርሼ ፍሬውንም ስልጠው ቆየሁ።

እትዬ ልዩ፣ ሙሽራ ሆነሽ ቤታችን የገባሽ ሰሞን ትዝ ይልሻል? እኛ ጋ ሙሽራ የባሏን ዘመዶች በስማቸው አትጠራም፤ ለእያንዳንዱ የቤት ስም ታወጣለች። ለአጎቶቼ ስታወጪ እኔ በሩ ጀርባ ነበርኩ። አክስቴ «ይቺ ዱዳዋ ናት፤ እሷንማ ብትጠሪያትም አትመልስም» አለችሽ። አንቺ ጎንበስ ብለሽ አየሽኝና «ዱዳ አይደለችም፣ ጭምት ናት። እኔ ጭምቴ እላታለሁ» አልሽ። እስከዚያ ቀን ዝምታዬ በሽታ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስም ሆነ።

ለሰው የሚሰጥ ስንት ነገር አለ። ሻርፕሽን ስጫት። መጽሐፍሽን ስጫት። ጊዜሽን እንደሆነ ሰጥተሻታል። ጋዲሳ ከሞተ በኋላ አንቺን ከዚህ ቤት የሚያስተሳስር ሥጋ የለም፤ ልጅ አልወለዳችሁም። የባሏን እናትና እህት ብላ የምትመለስ ሴት የት አለች እያሉ ሰዎች ሲያወሩ፣ እኔ በልቤ «ስም ያወጣችልኝ ናት፤ ትመጣለች» እል ነበር። በእጄ የነበረው ያ ስም ብቻ ነው። እሱንም ከእኔ ቀድማ «አቤት» ማለት ለምትችል ሰጠሽው።

እሷ ቆንጆ ናት ወይ? አትመልሺልኝ።

ኤቢሴ ኦሊቃ

---

ናኒንግ፣ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤቢሴ፤

በፈረምሽበት ስም ጠራሁሽ። በሌላው ልጥራሽ ብል የምትፈቅጂልኝ አልመሰለኝም።

ምን ብዬ ልጀምር? «እንደምን አለሽ» ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት። እንደምን እንዳለሽ ጽፈሽልኛል።

ስሟ ሊ ዪን ነው። እዚህ እንግሊዝኛ የሚማር ሁሉ የውጭ ስም ያወጣል። አንዱ ራሱን ፖም ይላል፣ አንዱ በጋ፣ አንዱ የመኪና ስም ወስዷል። በየሳምንቱ የውይይት ክበቡን የምመራው እኔ ነኝና ስም የሌላቸው «ስም ስጪን» ይሉኛል። እሷ መጨረሻ ረድፍ ትቀመጣለች፤ ስትናገር አፏን በእጇ ትሸፍናለች። አንድ ቀን ጓደኞቿ እየገፏት «ይቺ ስም የላትም፣ አትናገርማ!» ብለው ሳቁባት። ቀና ብዬ ሳያት በሩ ጀርባ የቆምሽው አንቺ ነበርሽ። ሳላስበው ስምሽ ከአፌ ወጣ። ልሰጣት ብዬ አልነበረም፤ አንቺን ጠርቼሽ ነው። እሷ ግን የተሰጣት መሰላትና ያዘችው። «አቤት»ን ያስተማርኳት ደግሞ አውቄ ነው፤ ይህን አልክድም። ስምሽን ስጠራ የሚመልስልኝ ሰው ናፍቆኝ ነበር።

ጥፋቴ ነው። የቤት ስም ከቤት እንደማይወጣ ከእኔ በላይ ማን ሊያውቅ? ካሳው ምን እንደሆነ አላውቅም።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው፤ ይህን መለመኛ ጊዜ እንዳልሆነ ገብቶኛል። የዩኒቨርሲቲው ዲን አነጋግሮኛል። «ወረቀትሽ ጥሩ ነው። አፍ መፍቻሽ ግን አይደለም፤ ተማሪዎቼ ካንቺ ምን ይዘው እንደሚወጡ በምን አውቃለሁ? አስተምረሽ ያወጣሽውን አንድ ሰው አሳዪኝ» አለኝ። ሊ ዪንን ብጠራ «እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትማር የኖረች ናት፤ የአገርሽን ሰው» አለኝ። የኮሌጅ ተማሪዎቼ ሌሎችም አስተምረዋቸዋል። ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ እኔ ብቻ ያስተማርኩት ሰው አንድ ነው። ጓዳ ውስጥ፣ ከአቮካዶ ፍሬ ጋር።

አጭር ቪዲዮ። የፈለግሽውን በእንግሊዝኛ ተናገሪ። ካልሆነልሽ ግን ተይው። ቂም አልይዝም፤ ይህን ስጽፍ ከልቤ ነው።

ለጠየቅሽኝ፦ አዎ፣ ቆንጆ ናት። ግን እንደ አንቺ አታስቅም።

ልዩ

---

አዳማ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ልዩ፤

አብዱልጀባር ነገ ስለሚሄድ በአጭሩ ነው የምጽፈው።

አላደርገውም።

ከመስኮቷ ጀርባ መውጣት የማልችለውን ለቻይና ዲን ንግግር አድርጊ ትይኛለሽ። ከዚያ አንቺ እዚያ ትቀሪያለሽ። በገዛ አፌ ተናግሬ እዚያ ላስቀርሽ ነው? ለዓመታት ዝም ብዬ ቆይቼ የመጀመሪያውን ንግግሬን ለእሱ ላውለው?

ጭምቴ እዚያ አለችልሽ አይደል? እሷ ትናገርልሽ። አፍ አላት።

መጋረጃው አቧራ ይዟል። የአዳማ ነፋስ ሰሞኑን ክፉ ነው። አላጠብኩትም።

ኤቢሴ

---

ናኒንግ፣ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማማ ዘውድነሽ እና ለኤቢሴ፤

እማማ፣ እንዴት ነዎት? ይህችን ደብዳቤ ኤቢሴ ታንብብልዎ። የምሥራች አለኝ፤ በሐምሌ መጨረሻ እመጣለሁ። ትኬቱን እየጠየቅሁ ነው። ኮሌጁ ቦታዬን እንደሰጠብኝ እስካሁን ደብቄዎት ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሌላ እስካገኝ ድረስ ከእናንተ ጋር እሠራለሁ። ጓዳ ገብቼ ከኤቢሴ ጋር እልጣለሁ። ፓፓያ መላጥ የማስተርስ ዲግሪ አይከለክልም።

ኤቢሴ፣ ያልሽኝ ልክ ነው። ለዲኑ «የማሳይህ ሰው የለኝም» አልኩት። ቦታውን እስከ ሐምሌ መግቢያ አቆየዋለሁ አለኝ እንጂ እኔ ጨርሻለሁ። ቪዲዮውን መጠየቄም ስህተት ነበር፤ ይቅርታና ውለታ በአንድ ደብዳቤ ጠየቅሁሽ።

ስሙንም አስመልሻለሁ። ሊ ዪንን ቁጭ አድርጌ «ይህ ስም ባለቤት አለው፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኳት። «ባለቤቷ ተቀየመች?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «እኔም ብሆን እቀየማለሁ» አለች። ካርዷ ላይ የጻፈችውን ስም በቀለም አጠፋችው። ከዚያ ወዲህ ክበቡ ውስጥ እንደገና አፏን ትሸፍናለች። እንድታዝኚላት አይደለም የምጽፈው። ምንም አልደብቅሽም ብዬ ስለወሰንኩ ነው።

እስክንገናኝ እንግዲህ። መጋረጃውን ስመጣ እኔው አጥበዋለሁ።

ልዩ

---

አዳማ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ልዩ፤

ስትደውዪ «ደህና ነኝ» ብቻ ስላልኩሽ አትቀየሚኝ። ስታለቅሺ ሰምቻለሁ። እማዬም አልቅሳለች። ሃኒም አልቅሳለች፤ እሷ ግን ለማንም ታለቅሳለች። ሥራውን ማግኘትሽን ያልሰማ ሰው አዳማ ውስጥ የለም። ትናንት አንዱ «ሂሳብ ስንት ነው?» ቢላት እማዬ «ምራቴ ቻይና ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነች» አለችው። ሰውየው እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ሳይከፍል ሄደ።

«ምን አስቀየረሽ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ሰው ሁሉ እየሰማ እንዴት ልመልስልሽ? አሁን ልመልስ።

እመጣለሁ ያልሽበት ደብዳቤ ሲደርሰኝ ደስ አለኝ። ደስ አላለኝም ብዬ አልዋሽም። ለእማዬ ጮክ ብዬ እያነበብኩላት ሳለ የዲኑ ነገር መጣ። ያንን አልነገርኳትም ነበር፤ ልዘልለው ስል ድምፄ ተሰናከለ።

«ምንድን ነው የጠየቀችሽ?»

«ቪዲዮ።»

«አንቺስ?»

ደብዳቤውን አጠፍኩት። እማዬ ስትቆጣ እንደምትጮህ ታውቂያለሽ። ያን ቀን አልጮኸችም። ጉልበቷን እያሸች «ልጄን ቀብሬያለሁ። ሚስቱን በቁሟ እዚህ አልቀብራትም» አለችኝ። ከዚያ ወደ ገንዘብ መቀበያዋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

እሷ ስላለችኝ ብቻ ግን አይደለም። ጓዳ ገብቼ መላጥ ስጀምር አንቺን አጠገቤ አስቀመጥኩሽ። በሐሳቤ ማለቴ ነው። ለወራት ስመኘው የኖርኩት እሱን ነበር። አንቺ ፓፓያ ትልጪያለሽ፣ እኔ እፈጫለሁ፣ ማንም አያየንም፣ ማንም አይወስድሽም። ከዚያ በመስኮቷ የሚወጣውን እጅ አየሁት። ጠመኔ የለመደው እጅሽ ነው። አንዱ ሹፌር «ይሄኛውስ የማን ነው?» ሲል ሃኒ ደግሞ «ይሄም የመንግሥት ነው» ስትል ሰማኋት። ያኔ አልሳቅሁም። መስኮቷ ለአንድ ሰው ነው የተሠራችው እትዬ። ለእኔም ብትሆን ጠባኛለች።

ያቺ ልጅ አፏን መሸፈን ጀመረች ብለሽ መጻፍሽ ደግሞ አናዶኛል። እንዳዝንላት አይደለም ብለሽ ጽፈሽ እንዳዝንላት አደረግሽኝ። አፍ መሸፈን ምን እንደሆነ የማውቅ እኔ ነኝ። እጅ ያልበዋል፣ ትንፋሽ ፊትሽ ላይ ይመለሳል። ቢሆንም እቀናባታለሁ። አዘንኩላትም፣ ቀናሁባትም፤ ሁለቱ አብረው እንደሚኖሩ አላውቅም ነበር።

ቪዲዮውን ስንት ጊዜ እንዳየሽው አላውቅም። የማይታየውን ግን ልንገርሽ። ሃኒን «ስልክሽን አምጪ፣ ጓዳ ቅረጪኝ» ስላት «ጓዳው ጨለማ ነው፤ ፊትሽን ካላየ ዲንሽ ከማሽኑ ጋር የሚያወራ ነው የሚመስለው» አለችኝ። ስለዚህ ወጣሁ። በእኩለ ቀን፣ ቤቱ ሞልቶ። ያ የባጃጅ ሹፌር ብርጭቆውን አስቀምጦ «እንዴ! እጁ ሰው አለው እንዴ?» አለ። እግሬ ሊመለስ ነበር። ፓፓያ ከባቱ የሚያመጣልን ጋሽ ኑሬ ከጥጉ «ጀባዹ! በርቺ ልጄ፣ አይዞሽ» ባይለኝ እመለስ ነበር።

ሃኒ እንደ አስተማሪ ደረቷን ነፍታ «ኤቢሴ ኦሊቃ!» ስትለኝ መጀመሪያ ላይ ዝም ማለቴን አይተሻል። ዲኑ ስልኩ የቆመ መስሎት ይሆናል። እኔ ያን ጊዜ ያየሁት ስምንተኛ ክፍልን ነበር። ከዚያ ያቺ ልጅ ትዝ አለችኝ። ጓንዡ መንገድ ላይ፣ በሰው አገር ቋንቋ፣ ምንም ሳትፈራ። ቅናት ነው ያስጮኸኝ እትዬ፤ ጀግንነት አይደለም። «አቤት!» ያልኩት በጣም ጮኼ እንደሆነ አውቃለሁ። እማዬ ከገንዘብ መቀበያው «ምን ሆነሽ ነው?» ስትል ይሰማል።

ከዚያ ስፕሪስ እንዴት እንደሚሠራ በእንግሊዝኛ ተናገርኩ። የተሳሳትኩበትን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ አትንገሪኝ። ፍሬዎቹን ደርድሬ መጨረሻ ረድፍ ያለውን በአንቺ ድምፅ ስቆጣው ዲኑ ሳቀ ብለሻል፤ እዚያ ላይ እኔም ሳቄ መጥቶብኝ ነበር። እማዬ «ዝም በሉ! ልጄ እንግሊዝኛ እየተናገረች ነው!» ብላ የጮኸችውን ቁረጪው ብዬ ሃኒን ለመንኳት፤ እንቢ አለች። ዲኑ ምን ማለቷ ነው ብሎ ሲጠይቅሽ ምን ብለሽ ተረጎምሽለት?

አንድ ዓመት ነው ብለሽኛል። አንድ ዓመት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አሁን አውቃለሁ፤ ሰኔም ሰኔ አልነበረም። ስለዚህ መቼ ትመጪያለሽ ብዬ አልጠይቅም። መጋረጃውን ግን አጥቤዋለሁ።

የመጨረሻው ነገር የስሙ ጉዳይ ነው። ይህን በደንብ አንብቢው፤ ለእሷም ተርጉሚላት። በእኛ ደንብ ስም የምታወጣው ወደ ቤቱ የገባችው ናት። አንቺ ወደ ቤታችን ገብተሽ ለእኔ አወጣሽልኝ። አሁን ደግሞ በቪዲዮም ቢሆን ወደ እናንተ ክፍል የገባሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ስም የማውጣት ተራው የእኔ ነው። ለሊ ዪን አውጥቼላታለሁ። «ታናሼ» ትባል። «ሃያ ዓመቷ ነው፣ ካንቺ ትበልጣለች» እንዳትይኝ። ዕድሜዋን አልጠየቅሁም። ካርዷ ላይ ትጻፈውና፣ የሚስቅባት ካለ «አዳማ ያለችው ታላቄ ናት ያወጣችልኝ» ትበል። አፏን ከሸፈነች ግን ስሙን እወስድባታለሁ።

እሷን ስትጠሪ በቀስታ ጥሪያት፤ አጠገብሽ ናት፤ ትሰማሻለች። እኔን ስትጠሪ ጮክ በዪ፤ አዳማ ሩቅ ነው። አቤት እላለሁ።

ጭምቴ